አባቷ ያላገኙት ሦስተኛ ሽቦ

የባለቤቴን ታናሽ እህት ሰፈሩ በሙሉ ናስትሮ ይላታል። የተቆረጠ ሽቦ የሚጠቀለልበትን ያንን ጥቁር ናስትሮ ሌላው የመብራት ሠራተኛ ኪሱ ሲከት፣ እሷ ክቡን እንዳለ እንደ አምባር እጇ ላይ ታጠልቀዋለች። ስሙን ያወጣላት ወንድሟ፣ ባለቤቴ ነው። ሊያበሽቃት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። አሁን ጉልበቷ ደክሞ መሰላል መውጣት ትታለች። እኔም ብሆን ከማስታውሰው የምረሳው እየበዛ ነው። እንግዲህ ሳይጠፋብኝ የእሷን ነገር ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

እዚህ ቤት በሙሽርነት ስገባ እማማ፣ የባለቤቴ እናት ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ያሳዩኝ መኝታ ቤቱን አልነበረም። እጄን ይዘው ማድ ቤት አስገቡኝና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የተቀመጠ የላስቲክ ጫማ አሳዩኝ።

«ሙሽራዬ፣ ቧንቧውን ስትነኪ ይችን ተጫሚ። በባዶ እግርሽ ከነካሽው ይቆነጥጥሻል» አሉኝ።

አዲስ ሙሽራ ምን ትላለች? ባል የሚቆነጥጥበት ቤት ስንት አለ፣ ቧንቧ ቢቆነጥጥ ምን ይደንቃል ብዬ ተጫምቼ አጠብኩ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆኖ ቀረ። እንግዳ ሲመጣም፣ ልጆቼ አድገው እጃቸው ቧንቧው ላይ መድረስ ሲጀምርም፣ ጫማውን ማሳየት የኔ ሥራ ሆነ።

ሰፈራችን ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ቤቶቹ መንታ እስኪመስሉ አንድ ዓይነት ሆነው ተደርድረዋል። የአብዛኞቹን መብራት የዘረጉት የባለቤቴ አባት ናቸው። ናስትሮም ሙያውን የወረሰችው ከእሳቸው ነው። ሰው «ሴት ልጅ መሰላል ላይ ምን ትሠራለች?» ሲላት «አምፖል» ትላለች። ሌላ መልስ አልነበራትም።

አሠራሯም ለብቻው ነው። ሰው ቤት ስትጠራ መሣሪያዋን ቶሎ አታወጣም። ቁጭ ትልና «በዚህ ቤት ምን ምን ትጠነቀቃላችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰዉ መጀመሪያ «ኧረ ምንም» ይላል። ቆየት ብሎ አንዷ «ካውያና ምድጃ አብረን አናበራም» ትላለች። ሌላው «የጓዳውን ማብሪያ በመጥረጊያ እንጨት ነው የምንጫነው፤ በጣት ሲነኩት ይሞቃል» ይላል። እሷ ይህን ይዛ ግድግዳው የቱ ጋ እንደታመመ ታውቃለች። «ሽቦ አይናገርም፤ ሰው ግን ሳያውቀው ይናገርለታል» ትል ነበር። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ ታጠፋና፣ ማንም ሳያስብ መጥቶ እንዳያበራባት ፊውዙን ነቅላ ኪሷ ትከታለች። ባለቤቴ «የሰፈሩ ብርሃን እህቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ስታስነጥስ እንዳይወድቅ» እያለ ይስቅባታል።

የእናቷን ቤት ግን መንካት አልቻለችም። አባትየው ካረፉ በኋላ ደጋግማ ለመነች። ሽቦው በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ዓይነት ነው፤ ጨርቁ ደርቆ ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ደግሞ ባለቤቴ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥምበትና «ይኸው በራ» ይላል።

«እማዬ፣ ግድግዳ ውስጥ እሳት አስተኝተሽ እኮ ነው የምትተኚው» ትላቸዋለች።

«ያስተኛው አባትሽ ነው። ያሳደገሽ፣ ያስተማረሽ። ዛሬ አወቅሁ ብለሽ ሥራውን ልታፈርሺበት?»

«ልቀይረው ነው እንጂ ላፈርስ አይደለም።»

«የእጁ ነገር የቀረኝ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው። ስሞት ትቀይሪዋለሽ።»

«ሳትሞቺ ነበር መቀየር የፈለግሁት።»

እማማ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ነገሩም እዚያው ላይ ይቀራል። እሷ ግን በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ስትመጣ ዓይኗ ከግድግዳው አይነቀልም። እናቷ ለምሳ ሲያስቀምጧት እንኳ ታሸት ነበር፤ የምታሸተው ምግቡን አልነበረም፣ የሚቃጠል ሽቦ እንዳለ ብላ ነው።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጋ ልትሠራ ስትሄድ፣ እኔም ቀሚሴን ልቀበል አብሬያት ሄድኩ። እንደ ልማዷ ተቀምጣ ያንኑ ጠየቀች።

ልብስ ሰፊዋ «እኔ ከባሌ ሌላ ምን እጠነቀቃለሁ?» አለች።

ተሳሳቅን። እኔም በሳቁ መሀል «እኛ ቤት ደግሞ ከቧንቧው ሌላ የምንፈራው የለም። ጫማችንን ማድረግ ብቻ ነው» አልኩ። ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ ምንም አስቤ አልነበረም።

ናስትሮ ሳቋን አቆመች። «እትዬ፣ ምን አልሽ?»

«ጫማውን ነዋ። አንቺስ ስታጥቢ አትጫሚም?»

«እጫማለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እጫማለሁ።»

ዓይን ሁሉን ያያል፣ ራሱን ግን አያይም። የሰውን ቤት ስትጠይቅ የኖረች ሴት፣ ተወልዳ ያደገችበትን ቤት አንድም ቀን አልጠየቀችም። ያ ጫማ ለሷ እንደ በሩና እንደ መስኮቱ የቤቱ አካል ነበር። ቀሚሴን እንኳ ሳልቀበል ተከትያት ወጣሁ።

ቤት እንደገባን ኮረንቲ መኖሩን የምታይበትን ቴስተሯን ቧንቧው ላይ አሳረፈችው። ውስጡ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች። ለካ ግድግዳው ውስጥ የሽቦው ጨርቅ አልቆ፣ ሽቦው ከቧንቧው ብረት ጋር ተነካክቷል። ሄዳ ዋናውን አጠፋች፤ ፊውዙንም ኪሷ ከተተች። ሬዲዮው ዝም ሲልባቸው እማማ ከሳሎን መጡ።

«ምን ሆነሽ ነው ወሬዬን ያቋረጥሽብኝ?»

«ቧንቧው ላይ መብራት አለ፣ እማዬ።»

«ታዲያ አዲስ ነው? ድሮም ይቆነጥጣል። ጫማውን ያመጣልኝ ራሱ አባትሽ አይደል?»

እማማ ያሉትን ነገር የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ይመስለኛል። ሰውየው ያውቁ ነበር ማለት እኮ ነው። እያወቁ በጫማ አለፉት። የእማማ ፊት ጠወለገብኝ። እኔ ብሆን «አየሽ፣ አላልኩሽም?» ማለቴ አይቀርም ነበር። እሷ ግን ማጠቢያው ሥር፣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሳይነካ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ አለ። ሦስተኛ ሽቦ ነው። አባዬ ይህን ቤት ሲሠራ ገበያ ላይ የነበረው ባለ ሁለቱ ብቻ ነው።»

«አጥቶ ነው ትያለሽ?»

«አጥቶ ነው። ሥራ ላይ ስንሆን ሁሌ ይመኘው ነበር። ባዶ እጁን ግን አልመጣም፤ ያገኘውን አመጣልሽ። አሁን እኔ አግኝቼዋለሁ። የጀመረውን ልጨርስለት?»

እውነት ይመኙት ነበር ወይስ ለእናቷ ብላ ነው? እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

እማማ ቧንቧውን አዩት። ከዚያ «ከየት ትጀምሪያለሽ?» አሏት።

ከዚሁ ከማድ ቤቱ ጀመረች። ግድግዳው በመሮ ተከፈተ፤ አቧራው እንኳን ዕቃውን የእኛንም ቅንድብ አነጣው። የመጀመሪያው አሮጌ ሽቦ ሲሳብ እማማ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው። ጨርቁ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። «አርጅቷል እኮ» አሉ፣ ስለ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው። አዲሱ ሳጥን ሲገጠም ባለቤቴ የሚጠመጥምበት ፊውዝ ቀረ፤ ነገር ሲበዛበት ሳጥኑ ራሱ ቀጭ ብሎ ያጠፋል። በመጀመሪያው ሰሞን ምድጃና ካውያ አብረን ለኩሰን ሲያጠፋብን ባለቤቴ «ይሄ ሳጥን አማት ነው፤ ትንሽ አበዛችሁ ብሎ ይቆጣል» አለ። እማማ «አማት ባትቆጣ ቤትህ ይቃጠል ነበር» ብለው አፉን አስያዙት።

ቤታችን ሲያልቅ ግን ሌላ ጉዳይ መጣ። በሰልፉ ያሉት ቤቶች ሁሉ የአባትየው እጅ አለባቸው፤ ሽቦውም ያው አንድ ዓይነት ነው። ሰዉ ደግሞ ሟቹን ከማክበሩ የተነሣ «የእሳቸው ሥራ አይነካም» ይላል። ናስትሮ አንዱንም ደጅ ለማንኳኳት አልደፈረችም። የአባቷን ስም እንዴት በየበሩ ታንሣ?

አንድ ጠዋት እማማ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ልጃቸውን «መሰላልሽን ይዘሽ ተከተይኝ» ብለው የጎረቤታችንን፣ የጡረተኛውን ሹፌር በር አንኳኩ። እኔም ከኋላ ከኋላ አልኩ።

«የባሌ ሥራ ደግ ነበር» አሉት። «ግን እንደ እኔው አርጅቷል። ልጄ ትጨርስልህ።»

ሹፌሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ መሰላሉን አየ። «እትዬ፣ ባልሽ የሠራውን ልታስነቅይ መጣሽ?»

«የምትነቅለው የገዛ ልጁ ናት። ከእሷ የሚቀርበው ማን አለ?»

ሹፌሩ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እማማ ቀድመው ገቡ። ናስትሮ መሰላሏን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ደጁ ላይ ቆማ ቀርታ ነበር። እናቷ ዞር ብለው «ግቢ እንጂ፤ ሰው አታስጠብቂ» አሏት።