ጋሽ ሁሴን ሲገቡ ሽቅብ የሚወጣው ደሜ

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አዳማ ከባቡር ጣቢያዋ ብዙም ያልራቀች ትንሽ ከተማ ሳለች ነው። ዛሬም ሐኪም ቤት ሄጄ ክንዴ ላይ ያንን የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ሲጠመጥሙብኝ ሳቄ ይመጣል። ነርሶቹ ምን ነካው እያሉ ያዩኛል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጣቢያው ፊት ለፊት አንድ የየመን ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅና ጨው እሸጥ ነበር። ዘይነባን ወደድኳት። አባቷ ጋሽ ሁሴን ከአቦምሳ በበቅሎ እህል እያመጡ የሚነግዱ፣ ሚስታቸው ሞታባቸው ይህችን አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ነበሩ። ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ ሁሴን እንቢ አላሉም፤ ግን ምክንያት አገኙ። "የልጁ አባት ገበያ መሃል ወድቆ የሞተው ደሙ በርትቶበት ነው ተብሏል። ልጁም እንደዚያው ከሆነ ልጄን በወጣትነቷ መበለት አላደርጋትም። በባቡር የሚመጣው ፈረንጅ ሐኪም ደሙን ይለካውና በዓይኔ ልየው" አሉ። ይህን ስሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

ሐኪሙ በመጣ ቀን ጣቢያው ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጡኝ። አስተርጓሚው ፈረንሳይኛ የሚያውቀው የጣቢያው ጸሐፊ አቶ ተሰማ ነበር። ሐኪሙ ክንዴን በጨርቁ ጠምጥሞ መንፋት ሲጀምር ጋሽ ሁሴን ገቡ። ታላቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቅረት እንዴት ይሆናል? ብድግ አልኩ። መለኪያው ከነቱቦው ተጎትቶ ከጠረጴዛው ሊወድቅ ሲል ሐኪሙ በሁለት እጁ ቀለበው።

"ተቀመጥ ይልሃል!" አለኝ አቶ ተሰማ።

ተቀመጥኩ። ጋሽ ሁሴን ግን በትራቸውን ተደግፈው ከፊቴ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሐኪሙ ደጋግሞ ለካኝና ራሱን ነቀነቀ። ደሙ በጣም ከፍ ብሏል አለ።

ጋሽ ሁሴን "አላህ ያሽርህ ልጄ" ብለው ወደ በሩ ዞሩ። በቃ፣ ዘይነባ አመለጠችኝ አልኩ። እንባዬ መጣ።

ሐኪሙ ግን "እኚህ ሰውዬ ምኑ ናቸው?" ብሎ አስጠየቀ። አቶ ተሰማ ሲነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ሁሴንን ደጅ አስቀምጦ እኔን አጋደመኝ። ወዲያው ግን አልለካኝም፤ ደጅ የቆመው የእንፋሎት ባቡር ውሃውን ቀድቶ እስኪጨርስ አቆየኝ። ከዚያ ሲለካኝ ደህና ሆኜ ተገኘሁ! ጋሽ ሁሴንን መልሶ ሲያስገባቸው ደሜ እንደገና ሽቅብ ወጣ።

ሐኪሙ ነገሩን አስረዳ፤ አቶ ተሰማም እያላበው ተረጎመ። ሰው ሲፈራ ከአንጎል የሚወርዱ ቀጫጭን ጅማቶች በቅጽበት ልብን ቶሎ ምታ፣ የደም ስሮችን ጠበብ በሉ ይላሉ። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ደግሞ ያንኑ ሥራ የሚያግዝ ነገር ደም ውስጥ ይረጫሉ። ያ ከደም እስኪጠፋ ድረስ፣ ፍርሃቱ ቢያልፍም ደሙ ቶሎ አይበርድም። አጋድሞ ያስጠበቀኝ ለዚህ ነበር።

ጋሽ ሁሴን ጢማቸውን አሻሹ። "ገባኝ። በቅሎዬም ጅብ ከሸተታት፣ ጅቡ ከሄደ በኋላ እንኳ ስትንቀጠቀጥ ትቆያለች" አሉ። ትንሽ አሰቡና "ቆይ፣ ታዲያ ጅቡ እኔ ነኝ?"

አቶ ተሰማ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙ እስቲ እርስዎም ይለኩ አላቸው። ሲለኩ ደህና ናቸው። ጨርቁን ሳይፈታላቸው፣ በአቶ ተሰማ በኩል "ልጅዎን ይሰጡታል?" ብሎ ጠየቃቸውና እንደገና ለካ። መለኪያው ወጣ። ሐኪሙ በጣቱ አሳያቸው።

ጋሽ ሁሴን መለኪያውን አይተው አይተው "ለካስ እኔ የፈራሁት የልጁን ደም አይደለም። ቤቴ ባዶ እንዳይቀር ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ከቤቴ ጎን ጎጆ ቀልስና ውሰዳት።"

ቀለስኩ። አማቼ እስከ ዕለተ ሞታቸው ማዕዳቸው ከእኛ አልተለየም። በገቡ ቁጥር ብድግ ስል "ቁጭ በል፣ ደምህን ሽቅብ ታወጣዋለህ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዘይነባም አብራ ትስቃለች። ሰው በፍርሃቱ እንዲህ ይታደላል ብሎ ማን ይገምታል?

ባለፈው ሳምንት ነርሷ ስትለካኝ በሩ ተከፍቶ በዕድሜ ከእኔ የሚገፉ ሽማግሌ ገቡ። ነርሷ ብትቆጣኝም ከነጨርቁ ብድግ አልኩ።