መርፌ የያዘች ነርስ ሰላም አትልም

ቡታጅራ ውስጥ ኩሩ ናቸው ከሚባሉት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። በሽተኞች ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ሆኜ ሰው በስሜ ቢጠራኝ ዞር አልልም። "አሰላሙ አለይኩም" ቢሉኝ አልመልስም። የጎረቤቴ እናት አልጋው አጠገብ ቆመው "ደህና ነሽ ወይ ልጄ?" ቢሉኝም ጀርባዬን ሰጥቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። መርፌው መጣያ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ተመልሼ ጉልበት ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያኔ ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ አኩርፈው ወጥተዋል።

ሥልጠና ላይ ብዙ ነገር ተምረናል። ጓንት አድርጉ፣ የተጠቀማችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፣ ሳጥኑን ከአጠገባችሁ አታርቁ። ጥሩ ነው፣ እኔም አስተምሬዋለሁ። ስለ ሰላምታ ግን ማንም ምንም አላለንም። ሥልጠናውን ያዘጋጁት ሰዎች በመስቀል ወይም በአረፋ ሰሞን የእኛን ክፍል አላዩትም። እኛ ጋ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣው አንድ ሰው አይደለም፣ መንደሩ ነው። የመጣውም ሁሉ ወይ ዘመድሽ ነው፣ ወይ የዘመድሽ አማት። ስለዚህ ከሥሬ ላሉት ነርሶች የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ መርፌ የያዘች ነርስ፣ ማንም ይምጣ ማን፣ ሰላም አትልም።

ሳቁብኝ። ከሁሉም ታናሿ "ሲስተር፣ እርስዎስ ዕድሜዎ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ባለጌ ነው የምንባለው" አለችኝ።

መርፌው ያገኘው እሷኑ ነው። ኒካህዋ ሊታሰር ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ከአንድ ታካሚ ደም ቀድታ መርፌውን ልትጥል ዞር ስትል፣ የእጮኛዋ አባት ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኙ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ከእንሴኖ መጥተው ገቡ። አማቷ ሊሆኑ የተቃረቡ ሰው ናቸው፤ ምን ታድርግ? ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ልታገናኝ ስትል መርፌው ግራ እጇን ወጋው። እሳቸው ምንም ሳያዩ መርቀዋት አለፉ። እሷ ጓንቷ ውስጥ ደሙ ሲሰራጭ እያየች "አሚን" አለች።

በሳሙናና በውሃ አሳጠብኳት። ስለ ታካሚው ምንም አልናገርም፤ ምስጢሩ የራሱ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት መጀመር እንዳለባት ግን ግልጽ ነበር፣ ያውም ቶሎ። ሦስት ቀን ካለፈ አይጀመርም። የሚሰጠው ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ክትትል በሚያደርጉበት ክፍል ነው። በሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ወንበር ላይ የታየ ሰው ለምን እንደተቀመጠ ከተማው የሚያውቅ ይመስለዋል።

"አልሄድም" አለች።

"ትሄጃለሽ!"

"በአላህ ሲስተር፣ ሰው ካየኝ ኒካሁ ቀረ ማለት ነው። ሥራ ላይ ተወጋሁ ብል ማን ያምነኛል?"

መድኃኒቱን እኔ ላምጣላት ብዬ ሄጄ ነበር። የክፍሉ ባለሙያ ሳትመረመርና ሳትመዘገብ አልሰጥም አለኝ፤ እውነቱን ነው። እሷ ግን በማግስቱም እንቢ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ጮህኩባት። ፈርቼ ነበር፤ የራሴ ልጅ ብትሆን ከዚህ በላይ የምፈራ አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክንዷን ይዤ ጎተትኳት።

ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሻርፗን እስከ ዓይኗ አውርዳዋለች። ልጅቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች። "የእጮኛዬ ቤት ጎረቤት ናት" አለችኝ በሹክሹክታ። "አለቀልኝ።"

ሴትየዋ አይታን ብድግ አለች። ልትጠይቀን፣ ልትመረምረን ነው ብዬ ለጠብ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን የቀጠሮ ካርዷን ደረቷ ውስጥ ከታ የልጅቷን እጅ ያዘች።

"ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እዚህ እንዳየሽኝ ለማንም አትንገሪ። ልጆቼ አያውቁም።"

 ልጅቷ "አላየሁሽም እትዬ" አለቻት። "አንቺም አላየሽኝም።"

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መድኃኒቷን ሳትወስድ በጓሮ በኩል ሄደች። ልጅቷ ዓይኗን በሻርፕዋ ጠርጋ ወደ ክፍሉ ገባች፤ የመጀመሪያውን ኪኒን ፊቴ ዋጠች።

ወር ሙሉ ወስዳ ጨረሰች፤ ያስመልሳት ነበር፣ ከሳች። የመጨረሻው ምርመራ ነጻ ሲላት እኔ ነኝ ከእሷ በላይ ያለቀስኩት። ኒካሁም ታሰረ፤ ዛሬ ቤቷ እንሴኖ ነው። ሁለታችን ግን ያችን ሴት ረስተናት አናውቅም። ልጅቷን ባየኋት ቁጥር "ሴትየዋ ለመድኃኒቷ ትመጣለች?" ትለኛለች። ክትትል ክፍሉን ልጠይቅ እግሬን አነሳና እመለሳለሁ፤ የሰው ምስጢር ነው።

በቅርቡ እንሴኖ ገበያ ወርጄ በርበሬ ፍለጋ ስዞር ያችን ሴት አገኘኋት። በርበሬ ትሸጣለች። አወቀችኝ፣ ግን ቀና አላለችም። መዘነችልኝ። ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አሁን ከወልቂጤ ነው የምወስደው፤ እዚያ የሚያውቀኝ የለም።"

"ሩቅ አይደለም?"

"ደርሶ መልስ ቀን ይፈጃል። ባለፈው ወር ልጄ ታሞብኝ ቀረሁ፤ ኪኒኑም አልቆብኝ ነበር።"

ቡታጅራ ተመለሺ፣ ማንም አያይሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ያየናት እኛው ነን።