አክራን ያየንበት ቀን

ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ ከአገሬ ርቄ በምኖርባት በአልቢ፣ በሕንጻችን ደረጃ ላይ፣ ጋናዊቷ ጎረቤቴ በዝንጅብልና በበርበሬ የምትጠብሰው ሙዝ ሸተተኝ። ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባዬ በጋና ዋና ከተማ በአክራ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ይሠራ ነበር። እማዬ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር። አንድ ማለዳ ስልክ ተደወለ። አባዬ አዳምጦ ስልኩን ዘጋና፣ "ዛሬ ትምህርት ቤት አትሄጂም፤ ከተማውን አሳይሻለሁ" አለኝ።

ጥቁር ኮከብ ያለበትን ትልቁን የነጻነት ቅስት አየን። ጄምስ ታውን ባሕሩ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ እየዘፈኑ መረባቸውን ሲስቡ እኔም ገመዱን ይዤ ጎተትኩ። ማኮላ ገበያ ሰማያዊ ዶቃ መረጥኩ።

"ይኼ ለእማዬ ነው" አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ለሻጯ ከፍሎ፣ "ጥሩ መርጠሻል" አለ።

የተጠበሰ ሙዝ በወረቀት አስጠቅልሎ ገዛልኝ። ሲመሻሽ ደክሞኝ "ቤት እንሂድ" ስለው፣ "ትንሽ እንቆይ ልጄ፤ ቤቱ የትም አይሄድም" አለኝ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

እማዬ መሞቷን የነገረኝ በማግስቱ ነው። ያ ሁሉ ሳቄ ለዓመታት አንገበገበኝ፤ እሱንም ተቀየምኩት።

አምና አባዬ እዚሁ አሁን በምኖርበት አገር፣ ሶልና ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ያን ዕለት ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

ትንፋሹን ሰብስቦ፣ "አንድ ቀን እንኳ እናት ትኑርሽ ብዬ ነው" አለኝ።

ይቅር እንዳልኩት ሳልነግረው በሳምንቱ አረፈ። ትናንት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለሁለቱም አለቀስኩ።