በጥናት ላይ ያለ ጉዳይ

ነጮች በጥቁሮች ላይ የሠሩትን ግፍ የሚተርኩ ልብ ወለዶች ነፍሴ ናቸው። አንዱን አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ ቀልቶ ስለሚያድር ባለቤቴ “ደግሞ ዛሬ ማን ሞተብህ?” እያለች ትስቅብኛለች። በየመጽሐፉ ውስጥ ለተበደለው የሚቆም አንድ ነጭ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቶቹ በሞሉበት አዳራሽ ብድግ ብሎ “ይህ ሰው አልበደለም” ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የሚሰጠው የለም። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ያ ሰው እኔ መሆኔን ተጠራጥሬ አላውቅም። የጎደለኝ አዳራሹ ብቻ ነበር።

አምና ወልድያ ያሉ የንባብ ወዳጆች ስለነዚሁ መጻሕፍት እንድናገር ጠሩኝ። ከመርሳ ተሳፍሬ ንግግሬን በከንፈሬ ስለማመድ፣ ሲሪንቃ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት “ልጄ፣ አመመህ እንዴ?” አሉኝ። መድረክ ላይ ወጥቼ “በደል አይቶ ዝም ያለ፣ ከበዳዩ ጋር አብሮ በልቷል” አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እኔም የተነጠፈልኝ ቁርበት ላይ ተመቻችቼ ዋልኩ።

በማግስቱ እሁድ የቅሬያችን ስብሰባ ነበር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሰፈሩን ሬሳ የሚያነሳ ማኅበር ነው። መምህር ስለሆንኩና እጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ጸሐፊው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን ከሰው ራቅ ብላ ቆማ ጠበቀችን። እሷ ያልሠራችው ድስት ያለበት ቤት በሰፈራችን የለም፤ የእኔም ቤት ወጥ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው። ሸክላ ሠሪ ግን ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል እየተባለ ቅሬ አይገባም። ድግስ ብትጠራ እንኳ የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻው ነው።

“እናቴ አልጋ ይዛለች” አለች። “የሚሸከምልኝ ወንድም የለኝም። ድንኳን ትከዪ ብትሉኝ እተክላለሁ፣ ውኃ ቅጂ ብትሉኝ እቀዳለሁ። ስሜን ብቻ ጻፉልኝ።”

ሰዉ አጉረመረመ። የቅሬው ዳኛ፣ አባቴን ያስቀበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ወደ እኔ ዞሩ። “እስቲ አንተ የተማርከው፣ ምን ትላለህ?”

ይኸው አዳራሹ መጣ። ብድግ አልኩ። ስነሳ ልናገር ያሰብኩት ያንኑ የወልድያውን ነበር፣ እውነቴን ነው። ቆሜ ሳያቸው ግን የልጄ ሠርግ ትዝ አለኝ፤ ማን ዳስ ይጥልልኛል? እኔስ ስሞት ማን ያነሳኛል? ጉሮሮዬን ጠረግኩና “ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል” አልኩ።

ሁሉም ደስ አለው። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው እኔ። ሌላው እምቢ ሲል እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩላት ብዬ፣ ቤቴ የገባሁት በራሴ ኮርቼ ነው። ኮሚቴው አንድም ቀን አልተሰበሰበም። አንዱ አጨዳ ደርሶበታል፣ አንዱ ሐራ ገበያ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ አዲስ ልብ ወለድ ይዣለሁ።

እናትየዋ በሁለተኛው ወር ሞተች። ጡሩምባ አልተነፋም። ከሩቅ የመጡ ሦስት ዘመዶቿ፣ እሷ ራሷ አራተኛ ሆና፣ ቃሬዛውን ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ በመስኮት አየሁ። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይቼ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ “ጫማዬን እየፈለግኩ ነው” አልኳት። ጫማው እግሬ ላይ ነበር። አየችው፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችብኝም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ፈርቻለሁ፤ ብትሰድበኝ ደግሞ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን መደቡን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። “እግዜር ያጥናሽ” አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ “መምህር፣ ያ ጥናት አለቀልዎ?” አለችኝ።

ሽሙጥ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ሽሙጥ አልነበረም።

“እርስዎ ከያዙት አይቀርም እያልኩ እናቴን አጽናናት ነበር” አለች። “እሷስ አለፈች። ለእኔ እንኳ ቢደርስልኝ ብዬ ነው።”

“እያለቀ ነው” አልኳት።

ከመቀመጫዋ ተነሥታ “ዕድሜ ይስጥልኝ” ብላ መረቀችኝ።