ከመጀመሪያው ኳስ በፊት የጻፍኩት ሠንጠረዥ

ይህን የምጽፈው ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እየተበላሸ ስለመጣ ነው። «ሽማግሌው ዕድል ቀናው» የሚሉ አሉ። ዕድል አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ማን እንደነበርኩ ልናገርና ከዚያ ወደ ስድስቱ እሑዶች እገባለሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በወጣትነቴ አስመራ ውስጥ አሜሪካኖች በሰፈሩበት ግቢ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወታደሮቹ ቤዝቦል ሲጫወቱ አንደኛው ከሽቦ አጥሩ ጀርባ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ትንንሽ ሳጥኖችን በምልክት ይሞላ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀቱን ይጥለዋል፣ እኔ አነሳዋለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ጨዋታ ከወረቀቱ ጋር እያመሳከርኩ በአንድ ክረምት ምልክቶቹን በሙሉ ፈታኋቸው። ማን እንደወረወረ፣ ማን እንደመታ፣ ማን በየትኛው ቤዝ፣ በየትኛው የሩጫ ማረፊያ፣ ላይ እንደተያዘ። ጠያቂ ቢኖር ኖሮ እንግሊዝኛ ሳልችል ጨዋታውን ከወረቀት ላይ መልሼ እተርክለት ነበር።

ኖርዌይ ከገባሁ በኋላ ግሮሩድ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ጡረታ ስወጣ ኦስሎ ውስጥ አመሩድ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የቤዝቦል ዱላ የያዘ ሰው አየሁና የት እንደሚሄድ ሳልጠይቀው ተከትዬው ወረድኩ። ኦስሎ ውስጥ ቤዝቦል አለ ስል የሚስቁብኝ አሉ። አለ። አራት ቡድኖች ነበሩ፤ በማልያቸው ቀለም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እላቸዋለሁ። መዝጋቢ ግን አልነበራቸውም። የመጀመሪያውን ጨዋታ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ መዝግቤ ለሊጉ ኃላፊ ስሰጠው ሰውየው ፖስታውን እያገላበጠ ደጋግሞ አየው። በሚቀጥለው እሑድ ከሽቦው ጀርባ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ጠበቀኝ። ሦስት ዓመት ተቀመጥኩበት። በዚያ ከተማ ውስጥ ቤዝቦል የሚመዘግብ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከኖርዌጂያኖቹም የሚደርስብኝ አልነበረም።

እንግዲህ በሁለት ሺዎቹ ማብቂያ ላይ በአንዱ ጸደይ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ገና በረዶ ሳይለቅ፣ የሊጉ ኃላፊ ሜዳው ዳር ባለችው የእንጨት ቤት ሰበሰበን። ረጅም፣ ለስላሳ ኖርዌጂያዊ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ በሜዳው ሥር የውሃ ቧንቧ ሊቀብር ስለሆነ ከሐምሌ ጀምሮ ሜዳው ይዘጋል። በየቡድኑ አሥራ ሁለት ጨዋታ የነበረው ወደ ስድስት ይወርዳል። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ እሑድ በእሑድ ያለ ዕረፍት እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ቡድን ሦስቱን ተጋጣሚዎቹን በተራ ይገጥምና እንደገና በዚያው ተራ ይደግማቸዋል። ሁለተኛ፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ መዝጋቢው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፣ መዝገቡም በኮምፒውተር ነው። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። የተመለከተው ወደ ኢንጂነሩ ነበር።

ኢንጂነሩ የአገሬ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ፣ የተማረ፣ ለአረንጓዴዎቹ የሚጫወት፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚዞር።

«ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎ» አለኝ በአማርኛ። «እርስዎ አረፍ ብለው ጨዋታውን ያያሉ፣ ሥራውን እኔ እሠራዋለሁ።»

«ማረፍ ካማረኝ ቤቴ ሶፋ አለኝ» አልኩት።

«እንደሱ ሳይሆን... በኮምፒውተር ሲሆን ብዙ ነገር ይሰላል። ዘንድሮ ማን ስንተኛ እንደሚወጣ እንኳ ካሁኑ ይታወቃል።»

«እንግዲያው አሳየን።»

አትሞ ይዞት ኖሯል። ቀይ አንደኛ፣ አረንጓዴ ሁለተኛ፣ ሰማያዊ ሦስተኛ፣ ቢጫ መጨረሻ። ወረቀቱን አየሁና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ይሄ የአምናው ሠንጠረዥ እኮ ነው! ለሁለት አካፈልከው እንጂ ምን ጨመርክበት?»

«የአምናው ነው እንጂ መረጃው። ሌላ ከየት ይመጣል?»

«ከኔ ይመጣል።»

ኃላፊው የምንባባለውን ጠየቀና ስንነግረው ዓይኑ በራ። እኔም ግምቴን ጽፌ በሳምንቱ እንዳመጣ፣ ሁለቱም ወረቀቶች በፖስታ ታሽገው መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጡ፣ ወደ እውነቱ የቀረበው ሰው ወንበሩን እንዲወስድ ወሰነ። እስከዚያ ለስድስቱ እሑዶች ሁለታችንም ጎን ለጎን እንመዘግባለን።

ያ ወንበር ለእኔ ምን እንደነበር በግልጽ ልናገር። ከጡረታ በኋላ በሳምንቱ ሰባት ቀን ውስጥ «የት ቀረ?» ብሎ የሚጠብቀኝ ሰው ያለበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ቀሪውን ስድስት ቀን የምኖረው ለዚያች ለአንዷ ቀን ነው።

ያን ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ነገር ዘረጋሁ። የመጀመሪያው የአምናው መዝገቤ ነው። ቢጫዎቹ መጨረሻ ወጥተዋል፤ መዝገቤ ግን ስድስቱን ጨዋታ የተሸነፉት በአንድ ነጥብ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ወርዋሪያቸው ደግሞ ግማሹን ዓመት በታመመ ጣት ነው የወረወረው። ጣቱ አሁን ድኗል፣ ሰውየውም አናጢ ነው፣ እሑድ ሥራ የለውም። ሁለተኛው አዲሱ የጨዋታ ተራ ነው። ሦስተኛው፣ ኢንጂነሩ ቢያየውም የማይገባው፣ የመጦሪያ ቤቱ ቱርኑስ ነው።

የሥራ ተራውን ቱርኑስ ይሉታል፤ በእንዲህ ያለ ቤት የሠራ ሰው በሕልሙም አይረሳው። ሠራተኛው በሦስት ቡድን ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቡድን በሦስት ሳምንት አንዴ ቅዳሜና እሑድን ይሠራል። የቀዮቹ ወርዋሪ፣ ጠብደሉ ኩባዊ፣ እኔ የሠራሁበት፣ ልጄም እስካሁን ያለችበት ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። በቱርኑሱ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነው። በቤዝቦል ደግሞ ጥሩ ወርዋሪ የሌለው ቡድን በር የሌለው ቤት ማለት ነው።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ተጋጣሚው ሦስት ነው፣ በሦስት ሳምንት ይዞራል። ቱርኑሱም በሦስት ሳምንት ይዞራል። ቀዮቹ ቢጫን የሚገጥሙት በሁለተኛውና በአምስተኛው እሑድ ነው። ኩባዊው ሥራ የሚገባው በሁለተኛውና በአምስተኛው እሑድ ነው! በረጅሙ ውድድር መሐል የሐምሌ ዕረፍት ስለሚገባ ነገሩ ይበታተናል፣ ማንም አያስተውለውም። ባጠረው ውድድር ግን ቀዮቹ ወርዋሪያቸውን ሁለቴ ያጣሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው በአንድ ተጋጣሚ ፊት። ከወንበሬ ተነስቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሌላው ቀላል ነበር። ሰማያዊዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ እስከ ሰኔ መግቢያ ፈተና ላይ ናቸው፣ በሁለተኛው እሑድ ግማሾቹ አይመጡም። አረንጓዴዎቹ አባወራዎች ናቸው፤ ፀሐይ ከወጣች ወደ ሂታቸው፣ ወደ ጫካ ቤታቸው፣ ይነዳሉ። ጻፍኩት፦ ቢጫ አምስት ድል፣ ቀይ አራት፣ ሰማያዊ ሁለት፣ አረንጓዴ አንድ። ቢጫ በእኔ ስሌት ሊሸነፍ አይገባውም ነበር፤ ሆኖም አሥራ ሰባት ዓመት መጦሪያ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። በወረቀቱ ኅዳግ ላይ «የቢጫ አንዷ ሽንፈት ለሥራ ልውውጥ ትሁን» ብዬ ጨመርኩ።

ግሮሩድ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ለአስመራው ጓደኛዬ ነገርኩት። እሱም እንደኔ ጡረተኛ ነው፣ ጺሙን እንደ አትክልት የሚንከባከብ።

«ቢጫ አንደኛ?» አለ። «ባለፈው ዓመት ኳሱን ከእርግብ መለየት ያቃታቸው?»

«እነሱው ናቸው።»

«ይሄ ከሆነ ጺሜን እላጫለሁ።»

«ምላጭ አዘጋጅ።»

«ካልሆነ ግን አንተ ስለ ቤዝቦል አፍህን ትዘጋለህ። ለዘላለም። ስንቱን ዓመት ሰማንህ!»

እጁን መታሁ። ከወንበሩ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄኛው ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ውድድሩ ተጀመረ። በመጀመሪያው እሑድ ቢጫና ቀይ አሸነፉ። በሁለተኛው ኩባዊው ሥራ ላይ ዋለ፣ ቀዮቹ በቢጫ ተደበደቡ፤ የተማሪዎቹ ግማሽ ቀርቶ አረንጓዴ ሰማያዊን አሸነፈ። ዝናብ ሲጥል ኢንጂነሩ ላፕቶፑ ላይ ዣንጥላ ይዞ በአንድ እጁ ይጽፋል፣ እኔ እርሳሴን እየላስኩ እቀጥላለሁ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሁሉም እንደጻፍኩት ሄደ።

አምስተኛው እሑድ ሜዳ ስደርስ ኩባዊው ክንዱን እያሟሟቀ ነበር።

«ዛሬ ሥራ አልነበረህም እንዴ?» አልኩት በኖርዌይኛ።

«ተለዋወጥኩ!» አለ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ። «አንዲት ጎበዝ የሥራ ባልደረባዬ ገባችልኝ!»

ቢጫዎቹ ኳሱን ሳያዩት ዋሉ። ተሸነፉ። ቢጫና ቀይ አራት አራት ድል ይዘው እኩል ሆኑ፤ በሌላኛው ጨዋታ ሰማያዊ አረንጓዴን አሸነፈ። ኢንጂነሩ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋና «ጋሼ፣ ሻይ ልጋብዝዎ?» አለኝ። የሚያዝንልኝ ሰው ከሚሰድበኝ ይብስብኛል።

በማግስቱ ልጄ ልትጠይቀኝ መጣች። እሷ መጦሪያ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ከሦስተኛው ቡድን ጋር ነው። ደክሟት ሶፋው ላይ ተዘረረች።

«ምነው?»

«ትናንት ሠርቼ ነው፣ አባዬ። ለኩባዊው ገባሁለት።»

ቁጭ ያልኩበት ጠበበኝ። «አንቺ ነሽ?»

«የፊታችን እሑድ መዘምራኑ ዝግጅት አለን፣ እኔ ደግሞ ሥራ ነበርኩ። እሱ ይገባልኛል። ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

የፊታችን እሑድ። ስድስተኛው እሑድ። ኩባዊው ከቢጫ ጋር ለመጫወት ሲል የመጨረሻውን እሑድ ሸጦታል፤ ሲለዋወጥ የመጨረሻው ቀን ወሳኝ ይሆናል ብሎ አልገመተም። እኔ ግን ለልውውጥ ቦታ ትቼ ነበር።

«ምንም አላጠፋሽ» አልኳት። «ሻይ ላፍላልሽ።»

ረቡዕ እንደገና መጥታ ስንበላ ስልኳ ጮኸ። ኩባዊው ነው። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል፤ ይለምናል፣ ዋንጫ ይላል፣ በሐምሌ ሁለት እሑድ እመልስልሻለሁ ይላል። አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ነገሩ ከእጄ እንደሚወጣ ስለማውቅ ምግቤን አየሁ። ልጄ ልቧ ሩኅሩኅ ነው። ሆኖም፦

«ኔይ፣ ኔይ፣ አይሆንም» አለችው። «ብቻዬን የምዘምረው አለኝ። ሦስት ወር ተለማምጄበታለሁ።»

ስልኩን ዘግታ አየችኝ። «አባዬ፣ ምን ያስቅሃል?»

«መዝሙርሽ ደስ ብሎኝ ነው።»

በስድስተኛው እሑድ ፀሐይ ነበር። ቢጫ አረንጓዴን ገጠመ፤ ከአረንጓዴዎቹ ሦስቱ ሂታ ሄደዋል፣ ኢንጂነሩ ራሱ ላፕቶፑን ትቶ ገብቶ ሦስቴ ሳይመታ ተመለሰ። ቢጫ አሸነፈ። ከዚያ ቀይና ሰማያዊ ገቡ። ፈተናቸውን የጨረሱት ልጆች እንደተፈታ ጥጃ ሮጡ፣ የቀዮቹ ተጠባባቂ ወርዋሪ ኳሱን ወደ ሽቦው፣ ወደ እኔ፣ ወደ ሰማይ ወረወረ። ቀይ ተሸነፈ።

ኃላፊው ፖስታዎቹን ሁሉም ፊት ቀደደ። የእኔን አነበበ። አምስት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። ሰሌዳው ላይ አምስት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። እንደገና አነበበው።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ናት እኮ ያሸነፈችልዎ!» አለ ኢንጂነሩ፤ ልውውጡን ከቀዮቹ ሰምቶ ኖሯል።

«ባለፈው እሑድ ለማን ነበር ያሸነፈችው? ያኔ ለምን አልጮህክም?» አልኩት። «ኅዳጉን አንብበው።»

ኅዳጉ በአማርኛ ስለተጻፈ ኢንጂነሩ ራሱ ለሕዝቡ መተርጎም ነበረበት። እየተረጎመ ድምፁ ዝቅ አለ፣ ሲጨርስ ግን ሳቀና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ይሄን ኮምፒውተሩ አያውቀውም» አለ።

«እኔ አስተምረዋለሁ» አልኩት።

በዚያች በአጠረች ውድድር ያደረግሁትን እነሆ ልቁጠር፦

የአራት ቡድኖችን ቦታ አንድም ኳስ ሳይወረወር በትክክል አስቀመጥኩ።

የእያንዳንዳቸውን ድል ቁጥር አንድም ሳላጓድል ጻፍኩ።

ሽንፈቷ ከየት እንደምትመጣ አስቀድሜ ተናገርኩ።

ሰማያዊውን ወንበር አስመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው፣ ኢንጂነሩም ከእኔ እርሳስ ነው የሚገለብጠው።

ጓደኛዬን ጺም አስላጨሁ። ሳምንቱን ሙሉ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ሰው አላወቀውም፤ አገጩ ትንሽ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው።

በዕድሜዬ አንዴ፣ እራት ላይ፣ የስልክ ንግግር እስኪያልቅ ድረስ ዝም አልኩ።

መዘምራኑ ዝግጅቱን በሌላ እሑድ ሲደግሙት ፊት ወንበር ተቀምጬ የልጄን መዝሙር ሰማሁ፣ አጠገቤ ለነበሩትም ከመዘምራኑ ማንኛዋ ዘግይታ እንደምትገባ አስቀድሜ ነገርኳቸው።