ጄሎዋና የወንድሟ ጥይት

በዊሎው ፎርክ ቬርናን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ጄሎዋ» ነው የሚሏት። እዚህ ሞንታና ጥይት የማይገዛ ቤት የለም፤ ሻጩም ሁሉ የኔን የሚያህል የለም ባይ ነው። ቬርና ጥይቱን ራሷ ከሱቅ ትገዛና፣ እንደ ሥጋ እንዲሆን በተሠራ፣ ሰዉ በሚንቀጠቀጠው ጣፋጭ ስም «ጄሎ» በሚለው የጄላቲን ጡብ ላይ ተኩሳ፣ ጥይቱ ምን እንደሠራ በቪዲዮ ታሳያለች። ከማንም ስጦታ አትቀበልም። ያኮረፏት ነጋዴዎች ብዙ ናቸው፤ እሷም ግድ የላትም።

ያን ሐሙስ ግን ጋራዡ ውስጥ እግሯ አልረጋ አለ። የተኮሰቻቸው ጥይቶች ሁሉ ጡቡን እንደ መርፌ በስተው ወጥተዋል፤ ደህና ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደሚሆነው አፉን ከፍቶ የሰፋ አንድም የለም። እንዲህ ባለ ጥይት የተመታ አጋዘን ቶሎ አይወድቅም፤ ጫካ ገብቶ ሲሰቃይ ውሎ ይሞታል። አደኑ ደግሞ ቅዳሜ ይከፈታል። ከሁሉ የከፋው፣ ጥይቱን የሠራው ኦሪን ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሷው ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ።

«እትዬ፣ ጄሎሽ ምን አለ?» እያለ ኦሪን እየሳቀ ገባ። ጡቡን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ሞቆ ይሆናል። ከፍሪጅ ከወጣ ቆየ አይደል?»

ቬርናም የተመኘችው ይህንኑ ነበር። ጡብ ከሞቀ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ጡብ ላይ የተተኮሰ አይቆጠርም። ይህን የሚለየው የልጆች የአየር ጠመንጃ ነው፤ ትንሿ የብረት ፍሬ አራት ጣት ያህል ገብታ ከቆመች ጡቡ ደህና ነው። ቬርና ሁልጊዜ በዚህ ነው የምትጀምረው። ዛሬ ግን ረስታ ይሁን ሆን ብላ እንጃ፣ ዘላዋለች።

«ተኩሺያ!» አላት።

«አንተው ተኩስ፤ በኋላ በደለችኝ እንዳትል።»

ተኮሰ። ቬርና በጣቷ ለካች፤ አላመነችም፣ ደግማ ለካች። አራት ጣት።

«እባክሽ እትዬ፣ ቪዲዮውን ሰኞ ልቀቂው። የከተማው ግማሽ የኔን ነው የገዛው።»

«ለዚህ እኮ ነው ሰኞ የማይሆነው!»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔንስ? ጄሎዋ ለወንድሟ ሲሆን ቀለጠች ይሉኛላ!»

አልሳቀም። «እናቴ ብትሆኚ እንዲህ አታደርጊኝም ነበር» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። ቃሉ ልቧን ወጋት። ቢሆንም የዚያኑ ዕለት ቪዲዮውን ለቀቀችው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከተራራው ተኩስ ተሰማ። ቬርና ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ እንቁላሉ ምድጃ ላይ አረረ። ጠመንጃ በጮኸ ቁጥር «ይሄ የማን ይሆን?» ትላለች። ቪዲዮ የማያይ ሽማግሌ ስንት አለ! ኦሪን እንደሆነ ስልክ አያነሳም።

ረፋዱ ላይ የኦሪን መኪና ግቢ ገባች። የኋላ መጫኛዋ ላይ የጥይት ካርቶን ተከምሯል። ትናንት በየቤቱ፣ ዛሬ ደግሞ ተራራው ሥር ቆሞ፣ አዳኞችን እየለመነ የሱን ተቀብሎ ሌላ ሲሰጥ ነበር። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ሁሉንም አገኘሃቸው?»

«ሽማግሌው ሃልቮርሰን አመለጠኝ። አንዷን አጋዘን በኔ ጥይት መትቶ ሮጣበታለች። በዚያ በታመመ ጉልበቱ ዱካዋን መከተል አልቻለም።»

ቬርና ቦት ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«እትዬ» አላት፣ መሬት መሬት እያየ። «ያንቺን ጥይት ያዢ። የኔ አይጨርሳትም።»