እንግዳ ተቀባይ ደም

ሳቢያን ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ከአከራዬ ሳሎን ጋር ግድግዳ ይጋራል። አከራዬ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሻሽ፣ ሽቶና የሴት ልብስ እቤቷ ትሸጣለች። በሯ ስለማይዘጋ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይገባል፤ አንዷ ትገዛለች፣ ሌላዋ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ታወራለች። እኔ ያደግሁት ታላቅ በአንቱታ በሚጠራበት ቤት ነው። "እርስዎ" ስላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ታይና፣ "ስንት ሆኜ ታየሁሽ አቦ? ብቻዬን ነኝ" ትለኛለች። አፍራለሁ፤ ግን መተው አልቻልኩም።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች። አስም ስላለባት ሲብስባት ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል፣ ትከሻዋም አብሮ ይነሳል።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በዚያ ጊዜ አለርጂክ አስም ያለባቸውን ልጆች ደም እናጠና ነበር። ከበሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎች ገጻቸው ላይ "ተቀባይ" የምንላቸው ነገሮች አሏቸው። ሰውነት በአቧራ ወይም በድመት ፀጉር ሲቆጣ የሚያመርተው ፕሮቲን የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው። እኛ የምንጠይቀው በእነዚህ ልጆች ደም ውስጥ ተቀባዮቹ ከሌላው ልጅ ይበዙ እንደሆነ ነበር። አከራዬ ስትሰማ ልጇን ራሷ ይዛ መጣች። ደሟን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ቱቦው ሲሞላ አይታ፣ "ይህን ሁሉ ትጠጪዋለሽ?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቲቱ ውጤቱን ትጠብቅ ጀመር። ጥናቱ የሚመልሰው ስለ ልጆቹ በጅምላ እንጂ ስለ አንዷ ልጅ እንዳልሆነ፣ ሕክምናዋም ያው ከሐኪሟ ዘንድ እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኳት። ገብቷታል፤ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረባት። ከከተማው ወጣ ብላ መልካ ጀብዱ የምትኖረው የባሏ እህት ልጅቷ በታመመች ቁጥር እየደወለች፣ ያ ቤት ገበያ እንጂ የልጅ ማሳደጊያ አይደለም፣ ለእኔ ስጪኝ ትላታለች። እናቲቱ የፈለገችው ለዚያች ሴት የምትመልሰውን ነገር ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለመሆኑ ደሟ ውስጥ የምትፈልጉት ምንድን ነው አለችኝ። ተቀባይ የሚባል ነገር ነው አልኳት።

"እንግዳ ተቀባይ እንደሚባለው?"

ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ ከሰው ጋር እንደማይገናኝ፣ የምንጣፍ አቧራ፣ ሽቶ፣ የድመት ፀጉር እያልኩ አስረዳኋት። ዓይን አፋር ሰው አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። እሷ ግን የመጀመሪያው ቃል ላይ ቀርታለች።

"እኔ ነኛ" አለች። "እኔ የመጣውን ሁሉ አስገባለሁ፤ እሷ በደሟ ወረሰችኝ።"

አይደለም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልሰማችኝም።

ምንጣፉን ጠቅልላ በሩን ዘጋች። የእኛ ሰፈር ሰው ማንኳኳት አያውቅም፤ ጎረቤቶቿ ውጭ ቆመው፣ "ሞታችኋል እንዴ?" እያሉ ይጣራሉ። አንዳንዶቹ ተቀይመው ቀሩ። ሽያጩ ቆመ፤ የሚበሉት ደግሞ ከዚያው ነበር። በሩን መልሳ በከፈተች ሰሞን ልጅቷ ታማ ሆስፒታል ገባች። ስትወጣ እናቲቱ ራሷ ወደ መልካ ጀብዱ ደወለች።

አክስቲቱ በባጃጅ መጣች። የሚነፋውን መድኃኒት እንዴት እንደምታስወስዳት አሳየኋት፤ እሷም እየደጋገመች አሳየችኝ። እናቲቱ የልጅቷን ልብስ አጥፋ የሞላችውን ሻንጣ ከፍታ እንደገና ታጥፍ ነበር።

ልጅቷ እዚያ ተሻላት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሽቶው ስለራቀ ይሆናል፣ ወቅቱም ይሆናል፣ አክስቲቱ መድኃኒቱን ሳታዛንፍ ስለሰጠቻትም ይሆናል። እናቲቱ የልጇን ደህና መሆን በሰማች ቁጥር "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። እዚያም ብትታመም ኖሮ ሄዳ ባመጣቻት። አሁን ምን ብላ ታምጣት?

ባለፈው ሳምንት ሻሽ ልገዛ ገብቼ ሁለት ሴቶች ዕቃ እያማረጡ ሳለ ስልኩ ጠራ፤ እናቲቱ ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ ከፍ አድርጋ አነሳችው። ልጅቷ ነበረች፤ ስለ ፍየል ግልገል ታወራለች። እናቲቱ ጥቂት ሰማቻትና አቋረጠቻት።

"ወሬውን ተይው። ስልኩን አፍሽ ጋ አድርጊና ተንፍሺልኝ።"

ሴቶቹ ሻሹን እንደያዙ ወደ ስልኩ ዞሩ። እኔም ጆሮዬን ቀሰርኩ። ምንም ሲርታ አልነበረም።

"ድገሚው" አለች።